ዘውዱን አወረድን፤ ምርጫውን ግን ዘለልነው

(ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ጸሐፊው ሰሞኑን በአንድ የውይይት ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥሮታል።)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ አባት ተነሥተው «ይህቺ አገር ዘውዷ ከወረደ ወዲህ በጎ ነገር አላየችም፤ መልሳችሁ ጫኑላት» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን «ምን ብዬ ነው ያጨበጨብኩት?» የሚል ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ዛሬ መድረኩን የለመንኩት ያንን ጭብጨባዬን ልመልስ ብዬ ነው።

ጃንሆይን ለመዝለፍ አልመጣሁም። አያቴ ፎቶግራፋቸውን በደርግ ዘመን ከቁም ሳጥን ኋላ ሸሽጋ አቆይታ፣ ደርግ ሲወድቅ አውጥታ ሳሎን የሰቀለች ሴት ነበረች። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡ፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የሰበሰቡ ሰው ናቸው። ውለታቸውን የሚክድ ይካድ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ንጉሡ ደግ ከሆኑ ደግ፣ ክፉ ከሆኑስ? ከደከሙስ? ማን ነው «ይበቃዎታል» የሚላቸው?

አባቶቻችን መልሱን በተረት ነግረውናል፦ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ተረቱ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም፣ ሕግም ሆኗል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ሰውነት ቅዱስ፣ ክብራቸውን የማይደፈር አድርጎ ደንግጓል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት እሳቸው፣ የሚሽሩትም እሳቸው። የመወሰኛውን ምክር ቤት አባላት የሚሰይሙት እሳቸው። ሕዝብ የሚመርጠው የመምሪያ ምክር ቤት ነበረ፤ ፓርቲ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ዘውዱ ደግሞ ከአንድ ቤት እንዳይወጣ፣ ለወንድ እንጂ ለሴት እንዳይተላለፍ ተጽፏል። እንግዲህ የእስላሙ ልጅ፣ የገባሩ ልጅ፣ የሸማኔው ልጅ፣ እዚህ የተቀመጣችሁት እህቶቼ ሁሉ፣ ከመወለዳችሁ በፊት «አንቺ አትሆኚም፣ አንተ አትሆንም» ተብላችኋል ማለት ነው።

«ዘውድ መረጋጋት ነው» ይባላል። እስቲ ታሪካችንን እንየው። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ተደበቀ። ዓድዋ ላይ የዘመተ ሕዝብ ንጉሡን በአደባባይ እንዳያለቅስ ተከለከለ! ለምን? ማን እንደሚተካ ወራሹ በስም ቢታወቅም በልብ ስላልታመነ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሻሩ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ሜዳ ላይ ወንድም ወንድሙን ፈጀ። ምርጫ ወጪው ብዙ ነው የምትሉ ሰዎች የሰገሌን ወጪ አስሉልኝ።

ወደ ኋላው ዘመን ስንመጣም ያው ነው። በ1966 ዓ.ም. ጃንሆይ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። አልጋ ወራሹ ታመው ውጭ አገር ናቸው። ሚያዝያ ላይ ገና ተማሪ የነበሩት የልጅ ልጃቸው ልዑል ዘርዓ ያዕቆብ ለተተኪነት ተሰየሙ። አገር በአድማ እየታመሰ፣ ወሎ በረሃብ አልቆ፣ የሠላሳ ሚሊዮን ሕዝብ ዕጣ በአንድ ቤተሰብ የጤና ሁኔታ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ወሎ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲረግፍ ባለሥልጣኑ ነገሩን የሸፈነው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። የሚፈራው ላይ ያለውን እንጂ ታች ያለውን አልነበረም። ወሎዬ ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ይፈራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ደርግስ? በ1977ቱ ረሃብ የአብዮት በዓል ሲደግስ አልነበረም ወይ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ልክ ነው! ለዚህም ነው ነገሩ የዘውድ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ዘውድ አልደፉም፤ በ1980 መባቻ ሸንጎው «መርጦ» ፕሬዚዳንት አደረጋቸው። በጉልበት የያዙትን ወንበር በጭብጨባ አጸደቀላቸው እንጂ ሌላ ተወዳዳሪ የታለ? በሽታው ዘውዱ ላይ ያለው ዕንቁ አይደለም፤ የተቀመጠው ሰው እንዳይነሣ መደረጉ ነው። ዘውድ ይህንን በሽታ በዘርና በቅባት ሕጋዊ ያደርገዋል፤ ደርግ በመትረየስ አደረገው።

አሁን አንድ ነገር ላንሣ፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለውን። 1967 ዓ.ም.ን አስቡ። መስከረም 2 ቀን ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ኅዳር 14 ሌሊት ስድሳዎቹ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ ከ15 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 29 ቀን፣ ግሪኮች የድምፅ መስጫ ጣቢያ በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፦ ንጉሥ እንፈልጋለን ወይስ አንፈልግም? ከመቶ 69 ያህሉ «አንፈልግም» አለ። አለቀ። እነሱም እንደኛ የወታደር መንግሥት ቀምሰዋል፤ ገና ከጥቂት ወራት በፊት ነበር የተገላገሉት። ንጉሣቸው ቆስጠንጢኖስ ውጭ አገር ሆነው ውጤቱን ተቀበሉ። ዓመታት አልፈው ወደ አገራቸው ተመለሱና እንደ ማንኛውም ሰው ኖረው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2023 አቴንስ ላይ በሆስፒታል አረፉ።

የኛስ? ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። አፅማቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በክብር የተቀበረው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ዘውዱ ራሱ መጋቢት 1967 ላይ በአዋጅ ሲሰረዝ ማንም ኢትዮጵያዊ አልተጠየቀም። ንጉሡን የሚወዱ አባቶቼ ይህንን እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ። የምርጫ ሳጥን ለሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ለንጉሡም ይሻለው ነበር።

«እንግሊዝስ? ስዊድንስ? ጃፓንስ?» ትሉኛላችሁ። እዚያ ያሉት ንጉሦች አይገዙም፤ የሚገዛው ፓርላማው ነው፤ ዴሞክራሲያቸው የመጣው የንጉሡ ሥልጣን እየተሸረሸረ በሄደ ቁጥር ነው። የእንግሊዝን ዘውድ ራሱን እየተዉት ነው እኮ። አየርላንድ ከዚያ ዘውድ ወጥታ ዛሬ ፕሬዚዳንቷን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል፤ ሰባት ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ባርባዶስም እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2021 ያለ አንዲት ጥይት ተሰናበተች።

የሚከብደኝ ክርክር ሌላ ነው። «በብሔር በተከፋፈለ አገር ከሁሉም በላይ የሆነ አንድ አባት ያስፈልጋል» የሚለው። ይህንን በቀላሉ አልጥለውም፤ አያቴም የምትለው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን አባትነት በግድ ይሆናል ወይ? ለአንዱ አባት የሆነው ዘውድ ለሌላው መሬቱን የነቀለበት የነፍጥ ምልክት ነው። ትክክል ነው፣ አይደለም ብለን መከራከር እንችላለን፤ ቁስሉን ግን ክርክር አያሽረውም። ከሐረርም፣ ከወለጋም፣ ከጎጃምም፣ ከጋምቤላም ድምፅ ለምኖ የተቀመጠ ሰው ቢያንስ በየደጁ ቆሞ «እባካችሁ» ብሏል። ንጉሥ «እባካችሁ» ብሎ አያውቅም።

ታዲያ ዛሬ ያለን ርዕሰ ብሔር የተመረጠ አይደለም ወይ? በወረቀት ነው። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱን ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ፤ ስድስት ዓመት፣ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም ይላል። በዚህ መንገድ በ2011 ዓ.ም. ሴት ርዕሰ ብሔር አይተናል፤ በዘውዱ ሕግ ይህ የሚታሰብ አልነበረም። ግን አንድ ዕጩ ቀርቦ እጅ ሲወጣ ምርጫ ነው እንበል? ደግሞ የሥልጣኑ ቁልፍ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ የዘመን ገደብ አላበጀለትም። ቁልፍ ለሌለው ገደብ አበጅተን፣ ቁልፍ ያለውን ለቀቅነው። አንዱ ሞቶ ወጣ፣ አንዱ ለቀቀ፤ ከዚያ በፊት ያሉት ተገለበጡ ወይም ኮበለሉ። በድምፅ ተሸንፎ፣ ለአሸናፊው እጅ ነስቶ ቤቱ የገባ የኢትዮጵያ ገዥ ስም የሚጠራልኝ ካለ ንግግሬን አሁኑኑ አቆማለሁ።

ስለዚህ ጭብጨባዬን እመልሳለሁ። ባለፈው የተናገሩት አባት ዛሬም ከፊት ተቀምጠዋል፤ ገና ስጀምር ጀምሮ እጃቸውን እንዳወጡ ነው። ጋሼ፣ ይቅርታ አቆየሁዎት። ማይክራፎኑን ለእሳቸው አቀብሉልኝ።