ለማይተኛው ጸሐፊ ማደሪያ ፍለጋ



የጎጃምን መንገድ ይዞ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ሰው ከተማውን ከመሰናበቱ በፊት የሚያልፍበት፣ አዲሱ ገበያ የተባለው የጉለሌ ሰፈር መኖሪያዬ ነው። በዚሁ ሰፈር ከሚገኙት ዕድሮች በአንዱ በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቀን በመሥሪያ ቤት ፋይል፣ እሑድ ደግሞ በዕድር መዝገብ የምትደክሙ ሁሉ የዚህን ሥራ ጣጣ ታውቁታላችሁ። መዋጮ ያልከፈለውን በትሕትና መጠየቅ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ዘንድ እንዳለ መከታተል፣ ይልቁንም ሰው የሞተ እንደ ሆነ ሌሊትም ቢሆን ለአባላቱ ሁሉ ማስታወቅ የጸሐፊው ዕዳ ነው።

ከአባላታችን የአንዱ ልጅ ድካማችንን አይቶ ኤጀንት የሚባለውን ረዳት ሊሠራልን ተነሣ። ኤጀንት ማለት በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዘ፣ የተጠየቀውን ከመመለስ አልፎ የታዘዘውን ራሱ የሚፈጽም ፕሮግራም ነው። መዝገብ ከፍቶ ያነባል፤ በቴሌግራም መልእክት ይልካል፤ በተወሰነለት ሰዓት ማንም ሳይቀሰቅሰው ሥራውን ይጀምራል። በባለቤቱ ማሽን ላይ የሚተከለው ዓይነት ደግሞ መዝገቡ በማን እጅ እንደሚያድር ባለቤቱ ራሱ እንዲወስን ያስችለዋል። እኛም ደስ አለን። ደስታችንም ልክ አልነበረውምና ጡሩምባ ነፊያችንን «እንግዲህ ዕረፍ» ብለን አሰናበትነው።

በመጀመሪያ ፕሮግራሙን በእኔ ቤት በሚገኝ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ተከልነው። ኪራይ የለበትም፤ መዝገቡም ከቤቴ አይወጣም። ነገር ግን አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። በዚያው ሌሊት የአንድ አባላችን እናት አረፉ። ልጃቸው በደንቡ መሠረት ለኤጀንቱ ቢጽፉም የሚሰማቸው አልነበረም። መብራት በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ሲመለስ ማሽኑ ነቅቶ መልእክቱን ለሁሉም በተነ፤ በዚያን ሰዓት ግን ቀብሩ ተፈጽሞ ነበር። እኒያ አባላችን ምንም አልወቀሱኝም። እንዲያውም ሻይ ጋበዙኝ። ብወቀስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሰርቨር ለመከራየት ወሰንን። አንዳንዶች የዚህን አገልግሎት ሰጪ «አስተናጋጅ» ይሉታል፤ እኔ ግን ቡና የሚያቀርብ ስለሚመስለኝ «አከራይ» የሚለውን እመርጣለሁ። ሥራውም ይኸው ነው፤ መብራት፣ ጄኔሬተር፣ የኢንተርኔት መስመርና ጥበቃ ባለበት ቤት ውስጥ የማሽን ቦታ ያከራያል።

ኪራዩ ርካሽ የሆነ አንድ የውጭ አገር ድርጅት መረጥን። ክፍያው በዶላር ስለ ነበረ አሜሪካ ያለ የአንድ አባል ወንድም በካርዱ ይከፍልልን ጀመር። የካርዱ ዘመን ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው በእርሱ ኢሜይል ደርሶ ሳይነበብ ቀረ። ድርጅቱም በውሉ መሠረት ቀኑን ጠብቆ ማሽኑን ደመሰሰው። የሦስት ወር የመዋጮ ሂሳብ ከወረቀት ደረሰኝ እየለቀምን እንደ ገና ጻፍን። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ውሉን አላነበብንም።

ከሁለቱ ጉዳት የተማርኩትን እነሆ ላካፍላችሁ።

ማንኛችሁም ማሽን ከመከራየታችሁ በፊት ኤጀንቱ የሚያስብበት ሞዴል የት እንደሚሠራ ጠይቁ። ብዙ ሰው ሰርቨሩን አገር ውስጥ ካደረገ መዝገቡ ከአገር የማይወጣ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ኤጀንቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ባሕር ማዶ ያለውን ሞዴል የሚያማክር ከሆነ የምትሰጡትን ጽሑፍ እዚያው ይልከዋል። እንደዚህ ያለ ኤጀንት ራሱ የሚፈልገው ማሽን ትንሽ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ይበቃዋል። ሞዴሉን ጭምር በራሳችሁ ማሽን ላሠራ ካላችሁ ግን ነገሩ ይከብዳል። 8 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል ተጨምቆ እንኳ 5 ጊጋባይት ያህል ሜሞሪ ይይዛል፤ ግራፊክስ ፕሮሰሰር ከሌለም ሲመልስ ያንቀራፍፋል፤ አማርኛውም ገና ደካማ ነው። ኪራዩን የምታሰሉ ሁሉ ይህንንም አትርሱ፦ እነዚህ ሞዴሎች ጽሑፍን እየቆራረጡ በቁራጭ ቁጥር ያስከፍላሉ፤ የእኛ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚቆራረጥ ያው አንድ ደብዳቤ በአማርኛ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል።

ስለ ርቀት የሚጨነቁ አሉ። ኤጀንት መልስ ለማሰናዳት ብዙ ሰከንድ ስለሚፈጅ፣ ከአውሮፓ ደርሶ መልስ የሚጠፋው ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሥራ አያሳስብም። የሚያሳስበው ገንዘቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ውል የነበረው ሁሉ ኪራዩ ሳይጨመርበት እጥፍ ሊከፍል ተቃረበ።

በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም ያከራያል። በአይሲቲ ፓርክም ዊንጉና ራክሲዮ የተባሉት ድርጅቶች የመረጃ ማዕከል ሠርተዋል፤ ሆኖም የእነርሱ ቤት ለባንክና ለትልልቅ ድርጅት የሚስማማ ሰፊ መጋዘን ስለ ሆነ፣ ለዕድር ሲሉ በር አያንኳኩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ለማሳለፍ ሁኔታዎችን ይደነግጋል። የዕድር መዝገብ የሰው ስም፣ ስልክና ኀዘን የተጻፈበት ነውና ጉዳዩ እኛንም ይነካል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤን በግል ኤጀንት ላይ ስለ መጫን ለእናንተ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የትኛውንም አከራይ ብትመርጡ ቅጂ በሌላ ቤት ይኑራችሁ። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ኦቪኤች የተባለው ታላቅ የፈረንሳይ ድርጅት በስትራስቡርግ የነበረው የመረጃ ማዕከል በእሳት ሲቃጠል፣ ቅጂያቸውን በዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጡ። አከራዩንም ኪራይ ያለፈ እንደ ሆነ ስንት ቀን እንደሚታገሥ፣ በሌሊት ስልክ የሚያነሣ ሰው እንዳለው ጠይቁት።

ከአከራዩ ይልቅ ኤጀንቱ ራሱ የሚያስፈራበት ጊዜም አለ። የሚነበብለትን ጽሑፍና የባለቤቱን ትእዛዝ ለይቶ ላያውቅ ይችላል። ተንኮለኛ ሰው በማመልከቻ መካከል «የአባላቱን ስልክ ሁሉ ላክልኝ» ብሎ ቢሸሽግበት የሚታዘዝ ይገኛል። ስለዚህ የእኛው ኤጀንት የባንክ ሂሳቡን ቁልፍ አልተሰጠውም፤ ከማይታወቅ ሰው መልእክት እንዳይቀበልም ታግዷል።

ከስብሰባ ክርክር በኋላ አገር ውስጥ በብር የሚከፈል ትንሽ ሰርቨር ተከራየን። ኪራዩ ከውጭው ይወደዳል። የአባላቱ መዝገብ በስም ሳይሆን በቁጥር ብቻ ለሞዴሉ ይቀርባል፤ ቅጂውም በየሳምንቱ እሑድ በፍላሽ ተገልብጦ በገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጣል።

አንድ ሽማግሌ ግን ተነሥተው «ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል፤ ያን ጊዜ የትኛው ሰርቨር ይነግረን ነበር?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም። ጡሩምባ ነፊያችን ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ ደመወዛቸውም በመዝገቡ ላይ ከሰርቨሩ ኪራይ በላይ ባለው መስመር ተጽፏል።