የሐርላ ታሪክ በየስክሪኑ ልክ
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በድሬዳዋ አቅራቢያ የምትገኘው የሐርላ መንደር ገበሬዎች መሬታቸውን ሲያርሱ የባዕድ አገር ሳንቲም ያገኙ ነበር። የፍርስራሹ ድንጋይ እጅግ ግዙፍ በመሆኑም ከተማዪቱን ያነጿት ግዙፋን ሰዎች ናቸው ይባል ነበር። በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው ቁፋሮ ግን የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች እንዲሁም የ13ኛው መቶ ዓመት የግብፅ ሳንቲሞች ተገኙ።

ይህን ታሪክ በድረ ገጽ ለማቅረብ የሚነሣ ባለሙያ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ማን በምን ያነበዋል የሚለውን ነው። ተመራማሪው በሰፊ ስክሪን ይመለከተው ይሆናል፤ የመንደሩ ወጣት ግን በእጅ ስልኩ ነው። ገጹ ለሰፊው ስክሪን ብቻ ከተዘጋጀ፣ ታሪኩ ከገዛ ማሳው የወጣው ሰው የመጨረሻው አንባቢ ይሆናል።

ኢታን ማርኮት እ.ኤ.አ. በ2010 ከስክሪን ስፋት ጋር ራሱን የሚያስማማ አነዳደፍን ሲያስተዋውቅ፣ መሠረቱን በተመጣጣኝ ዓምዶች፣ በሚለጠጡ ሥዕሎችና በስፋት መጠይቆች ላይ ጥሎ ነበር። የፊደልን መጠን በስፋት መጠይቅ ብቻ የሚወስን ባለሙያ ግን ደረጃ ይሠራል እንጂ ዳገት አይሠራም። ፊደሉ በ767 ፒክስል አንሶ ይቆይና በ768 በድንገት ይዘላል።

ዳገቱ በቀላል ስሌት ይገኛል። የጽሑፉ ፊደል በ360 ፒክስል ስፋት 18፣ በ1360 ደግሞ 23 ይሁን ቢባል፣ በ1000 ፒክስል ውስጥ 5 ይጨምራል፤ ይኸውም የስፋቱ 0.5 በመቶ ነው። ከ18 ላይ የ360ው 0.5 በመቶ፣ ማለትም 1.8፣ ሲቀነስ ቋሚው መነሻ 16.2 ይሆናል። ስለዚህ በ860 ፒክስል ስፋት ፊደሉ 20.5 ነው። ክላምፕ የተባለው የሲ.ኤስ.ኤስ. ተግባር ታችኛውንና ላይኛውን ወሰን ይጠብቃል።

ይህን ስሌት ለርእስ፣ ለአንቀጽና ለኅዳግ እየደጋገሙ መጻፍ ስሕተትን ይጋብዛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ሳስ ለዚህ መፍትሔ አለው። ስሌቱ በአንድ ሚክሲን ውስጥ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ አራቱን ቁጥሮች እየሰጡ መጥራት ብቻ ነው። ሆኖም ሳስ የአንባቢውን ስክሪን አያይም። እርሱ የዳገቱን ልክ ኮዱ ወደ ሲ.ኤስ.ኤስ. ሲለወጥ አስልቶ ያስረክባል፤ ስፋቱን ለክቶ የመጨረሻውን መጠን የሚሰጠው ማሰሻው ነው።

ለግእዝ ፊደል ሌላም ጥንቃቄ ያሻል። «ሉ»ና «ሊ» የሚለያዩት ቅጥያው ከእግሩ መካከል ወይም ከግርጌው በመውጣቱ ነው፤ ፊደሉ ካነሰ ልዩነቱ ይጠፋል። በላቲን ፊደል ለሚጻፉት ለኦሮምኛና ለሶማልኛ የሚበቃው ታችኛ ወሰን ለአማርኛ ላይበቃ ይችላል። ስለሆነም ሚክሲኑ የእያንዳንዱን ቋንቋ ወሰንና የመስመር ርቀት ለየብቻ እንዲቀበል ሆኖ ቢዘጋጅ ይመረጣል።

መጠኑ በስክሪን ስፋት ብቻ ከተወሰነ፣ ዓይኑ የደከመ አንባቢ ገጹን ለማጉላት ቢሞክርም ፊደሉ አይታዘዝለትም። ስለዚህ ቋሚው መነሻም ሆነ ሁለቱ ወሰኖች አንባቢው በመረጠው የፊደል መጠን፣ ማለትም በሬም፣ መለካት አለባቸው። ነባሪው 16 ፒክስል ሲሆን 16.2 ማለት 1.0125 ሬም ነው።

በመጨረሻም፣ የዚህ ሥራ ፈተና የሚገኘው በነዳፊው ጠረጴዛ ላይ ካለው ስክሪን ሳይሆን በሐርላ አንድ አንባቢ በፀሐይ መካከል ከሚይዘው ትንሽ ስልክ ላይ ነው። በዚያ ላይ ያለ ችግር የተነበበ ገጽ በሌላው ሁሉ ለመነበብ አይቸገርም።