አይበሰብስም፣ ይደቅቃል



ባሕር የለንምና በውቅያኖስ ዳር ስለሚከማች ፕላስቲክ ሲነገር የሰው አገር ጣጣ ይመስለናል። እኔ ግን ከማክሰኝት ገበያችን ልጀምር። ገበያው ተበትኖ ሲመሽ መሬት ላይ የሚቀረውን ታውቁታላችሁ፦ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ክር፣ የተበጠሰ ኮንጎ ጫማ። ሐምሌ ሲገባ የለም። ማን አነሣው? ጎርፍ። ወዴት ወሰደው? ወደ ጉማራ ወንዝ፣ ከጉማራም ወደ ጣና ሐይቅ። (የፎገራውን ጉማራ ሳይሆን የራሳችንን ማለቴ ነው።) ጎንደር ከተማም የቀሃንና የአንገረብን ወንዞች እጣቢ በመገጭ ወንዝ በኩል ወደዚያው ትልካለች።

እበት ይበሰብሳል፣ አፈር ሆኖ ማሳ ይመግባል። ፕላስቲክ ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ጠጠር ይፈጨዋል፣ ይደቅቃል እንጂ አይበሰብስም። ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ወንዝ ዳር የምናጥበው የፖሊስተር ልብስም ዓይን የማያየው ክር ይለቃል።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ደለሉ ይታወካል፣ የተቀበረው ይነሣል። ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ደግሞ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ከ10 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከእነሱ በርካታ ዝርያዎች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣሉ፤ በመገጭና በዲርማ ይህ ተጠንቷል። እንግዲህ ዓሣው ሽቅብ በሚወጣበት ወር ቆሻሻችን ቁልቁል ይወርዳል። መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ዓሣ ይበላዋል ወይ ለምትሉ፣ በባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች በ35 በመቶው ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። ባቱና ጣና አንድ ናቸው አልልም። የፌስታሉ ጠባይ ግን አንድ ነው።

ዓሣው ከፕላስቲኩ ጋር መርዝም ይውጣል፤ ወደዚያ ልለፍ። የጣና ዓሣ አስጋሪዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ውስጥ በመበተን ዓሣ ያሰክሩ ነበር። እሱም መርዝ ነው፤ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይፈርሳል። እንደ ዲዲቲ ያለው ፀረ ተባይ ግን ለዓመታት ይቆያል፤ ከውሃ ይልቅ ቅባት ይወዳልና በደቀቀ ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል። ዓሣው ሁለቱን አንድ ላይ ይውጣል። ሽንኩርትና ሽምብራ ላይ መድኃኒት የምትረጩ ወንድሞቼ፣ መርጫውን ጉማራ ላይ አትጠቡት፤ የመድኃኒቱን ባዶ ዕቃም ዘይት አትያዙበት፣ ብሱት።

እምቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ መገጭ ወደ ጣና በሚገባበት አፍ ላይ ሲታይ አረንጓዴ ስለነበር ሁሉም አየው፤ ከአገሩ ሁሉ ሰው ወርዶ በእጁ ነቀለው። የደቀቀ ፕላስቲክ በእጅ አይያዝም። የሚያዘው ሳይደቅቅ፣ እዚሁ ገበያው ላይ ነው።

ሕጉ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ እኛ ግን ቲማቲም በዚያው ስንቋጥር ኖርን። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጽድቋል። ዘንቢል የሚሰፉ እናቶች ይህን ከነጋዴው ቀድመው ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ተማሪዎች፣ ሰኔ ሳይገባ ከገበያው በታች ያለውን ቦይ አብረን እንወርዳለን። ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ፤ ባዶውን።