ድሪቶ ያልነው ሥራ፦ ለኩዊልት ሰፊዎች ጨርቅ፣ ዕውቀትና ገበያ ከየት ይገኛል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በእጅ ሥራ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴያችን ዛሬ እንዲናገር የተጠየቀው ስለ ኩዊልት ነው። ብዙዎቻችሁ «ጨርቁን ከየት ነው የምታመጡት? ማን አስተማራችሁ? ለማንስ ትሸጣላችሁ?» እያላችሁ ስትጠይቁን ከርማችኋል። ደጋፊዎቻችንም የሰጣችሁን ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ የማወቅ መብት አላችሁ። ከዚህ ሌላ ጉባኤው ዛሬ ድምፅ የሚሰጥበት አንድ ጉዳይ አለ። አንድ የቤት ዕቃ መደብር 40 የአልጋ ኩዊልት ሊያዘን ይፈልጋል። እንቀበል ወይስ አንቀበል የሚለውን ከመወሰናችን በፊት፣ በእጃችን ያለውን ሀብትና የምናውቃቸውን ሰዎች አብረን ብንቆጥር ይሻላል ብለን አሰብን።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። ባገራችን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተጋጠመ ሲሰፋ ድሪቶ ይባላል። ድሪቶ የድሀ ልብስ ነው፤ ማንም ደስ ብሎት የሚለብሰው አይደለም። ሥራውን ስንጀምር ከመካከላችን «አሜሪካ ድረስ መጥቼ ድሪቶ ልስፋ?» ያሉ ነበሩ። ኩዊልትም በብዙ የአሜሪካ ቤት የተሰፋው ከችግር የተነሣ ነው። ያረጀ የሥራ ልብስና የዱቄት ከረጢት ሳይቀር እየተቀደደ ለልጆች የብርድ መከላከያ ሆኗል። ልዩነቱ እዚህ አገር ሰው ሥራውን ተመልክቶ ዋጋ ሊሰጠው መልመዱ ነው።

ኩዊልት ሦስት ንብርብር አለው፦ ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ ከመሐል የጥጥ ሙሌት፣ ከታች ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘው ከላይ እስከ ታች የሚያልፈው ስፌት ነው። ባዘቶ የነደፈች፣ የፈተለች፣ ጋቢ ያስሠራች እናት የመሐሉን ሙሌት ገና ስትነካው ምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

ጨርቅ

ብዙ ገንዘብ የሚወጣው ለጨርቅ ነው። አዲስ ሲገዛ በያርድ ይሸጣል፤ አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ42 እስከ 44 ኢንች ነው። ለጀማሪ የሚበጀው «ፋት ኳርተር» የሚባለው የያርድ ሩብ ነው፤ ወደ 18 በ22 ኢንች ተቆርጦ ስለሚሸጥ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ዓይነት ቀለም ይገኝበታል።

በነፃ የሚገኘው ግን ይበልጣል። ልብስ የሚያስተካክሉ ሰፊዎች፣ መጋረጃ ሰፊዎችና የሶፋ ልብስ የሚቀይሩ ሱቆች ቁራጩን የሚጥሉት ቦታ ስለሚይዝባቸው ነው። በትሕትና ጠይቆ በተባለው ቀን ሄዶ ማንሣት ነው፤ ቀኑን ካሳለፍን ለሚቀጥለው ጊዜ አይጠብቁንም። የመጣውን ጨርቅ እንለያለን። ንጹሕ ጥጥ የሆነውን እንይዛለን፤ የሚለጠጠውን እናስወጣለን። ቀለሙ የሚለቅና የሚሸበሸብ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት እንዲታወቅ አስቀድመን እናጥበዋለን። ከነጠላና ከሐበሻ ቀሚስ የተረፈውን ጥለት የምታመጡልን እናቶች፣ እባካችሁ አታቋርጡ። ሽመናው ስስ ስለሆነ ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ጨርቅ ካልተደረገለት ስፌቱ ላይ ይተረተራል፤ ሲደረግለት ግን ከሌሎች ሰፊዎች ሥራ የሚለየን እሱ ነው።

ዕውቀት

በአሜሪካ በብዙ ከተሞች የኩዊልት ሰፊዎች ማኅበር አለ፤ «ጊልድ» ይሉታል። አሠራሩ ከእድራችን እምብዛም አይርቅም። አብዛኞቹ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ እያንዳንዷ የሠራችውን አምጥታ ታሳያለች። እንግዳም ይቀበላሉ። በዕድሜ የገፉ ሰፊዎች ለዓመታት ያከማቹት ጨርቅ፣ መቁረጫና መጽሐፍ አላቸው፤ ቤት ሲቀይሩ ወይም ዓይናቸው ሲደክም የሚረከባቸው ይፈልጋሉ። እንግሊዝኛችን አይበቃም ብላችሁ የምትሸሹ አትሽሹ፤ መርፌ የያዘች ሴት ሌላዋ ምን እንደምታደርግ በዓይኗ ትከተላለች።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም አለ። የኩዊልት መጽሐፍ በነፃ ያውሳል፤ አንዳንዱም የስፌት መኪና ያውሳል ወይም እዚያው ያሠራል። በ1985 ዶክተር ካሮሊን ማዝሉሚ የመሠረቱት «ዊመን ኦፍ ከለር ኩዊልተርስ ኔትወርክ» ጥቁር ሰፊዎችን እርስ በርስ ያገናኘና ሥራቸውን ለኤግዚቢሽን ያበቃ ድርጅት ስለሆነ ልናውቀው ይገባል። ለማየት የሚሄድ ደግሞ በፓዱካ ኬንታኪ ብሔራዊው የኩዊልት ሙዚየም፣ በሊንከን ነብራስካ ዓለም አቀፉ የኩዊልት ሙዚየም አሉለት። በየዓመቱ በመከር ወራት በሂውስተን ቴክሳስ ትልቅ የኩዊልት ፌስቲቫል ይደረጋል።

ዋሽንግተን ባለው የስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ሃሪየት ፓወርስ የሰፋችው የመጽሐፍ ቅዱስ ኩዊልት ይገኛል። ሃሪየት በጆርጂያ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። በ1886 ሥራዋን በጥጥ ኤግዚቢሽን ላይ ስታሳይ አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛት ጠይቃት ነበር፤ ሃሪየት አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲቸግራት 10 ዶላር ጠየቀች፤ ያገኘችው 5 ዶላር ነው። ነገር ግን ስትሸጠው የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጉም ለገዢዋ ነግራታለች፤ ገዢዋም ጽፋ አስቀመጠችው። ዛሬ ስሟን የምናውቀው በዚያ ጽሑፍ ነው።

ገበያ

ገበያን በተመለከተ ከፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተሻለ አስተማሪ አላገኘንም። በአላባማ ዊልኮክስ አውራጃ የነበሩ ጥቁር ሴቶች ናቸው። በዚያ ዘመን ለመምረጥ በመመዝገባቸው ብቻ ከሚኖሩበት መሬት የተባረሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ፍራንሲስ ዋልተር የሚባሉ ቄስ በ1965 መጨረሻ ገመድ ላይ የተሰጡ ኩዊልቶች አይተው እያንዳንዱን በ10 ዶላር መግዛት ጀመሩ፤ በ1966 መጋቢት ኒው ዮርክ ወስደው በጨረታ አሸጡላቸው። ሴቶቹም በዚያው ወር የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ከጨረታው የተገኘው ትውውቅ እስከ ብሉሚንግዴልስ መደብርና እስከ ቮግ መጽሔት አደረሳቸው። 23 ኤከር መሬት ገዙ፤ ከዚያው ላይ ከመሬታቸው ለተባረሩ ቤተሰቦች ቦታ ሸጡላቸው። በ1969 የስፌት አዳራሽ ሠሩ። ማኅበሩን ከ20 ዓመት በላይ የመሩት ኤስቴል ዊተርስፑን ናቸው።

ከ1972 ጀምሮ ለሲርስ ኩባንያ የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ መስፋት ያዙ። ያ ሥራ ቋሚ ገቢ ሰጣቸው፤ በሌላ በኩል አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ መስፋት ነበር፤ የየራሳቸው ዲዛይን የሚታይበት አልነበረም። ማኅበሩ በ2012 ተዘጋ። የእነሱ ጎረቤት የጂስ ቤንድ ሰፊዎች ሥራ በ2002 ሂውስተንና ኒው ዮርክ ባሉ ትልልቅ ሙዚየሞች ታየ፤ በ2006 በአሜሪካ ቴምብር ላይ ታተመ። በ2007 ደግሞ አንዳንዶቹ ሰፊዎች የሥራችን ባለመብትነትና ክፍያ አልተከበረልንም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ክሱ በ2008 በስምምነት ተዘጋ። ከዚህ የምንወስደው ነገር አለ፦ ገዢ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት፣ ዲዛይኑ የማን እንደሆነና ስም የት እንደሚጻፍ በወረቀት መስፈር አለበት።

የቀረበልን ትእዛዝ

መደብሩ ለአንድ ኩዊልት 250 ዶላር ይከፍላል፤ የማኅበራችን ስም እንዳይለጠፍበት ይፈልጋል። እኛ ስናሰላው ለአንዱ የአልጋ ኩዊልት ጨርቅ፣ ሙሌትና ክር 110 ዶላር ይወጣል። የሚቀረው 140 ዶላር ነው። አንዱ 60 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለአንድ ሰዓት 2 ዶላር ከ33 ሳንቲም ማለት ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነውና የእኛ ከሲሶው በታች ይወድቃል።

አንዳንድ አባሎቻችን «ባዶ ከመቀመጥ ይሻላል፤ የቤት ኪራይ ጊዜ አይሰጥም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ቤታቸው ሕፃን ይዘው፣ ውጭ ወጥተው መሥራት የማይችሉ እኅቶች አሉን፤ ይህን ገንዘብ እንዲሁ በኩራት ገፍተን አናሳዝናቸውም። ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ለመደብሩ በኩዊልቱ ፋንታ የትራስ ልብስ እናቅርብለት። አንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ጨርቁ 6 ዶላር ገደማ ነው። በ30 ዶላር ቢወስድ ለሰፊዋ በሰዓት ከ9 ዶላር በላይ ይደርሳታል። የትራስ ልብሱ ያለ ስማችን ቢሸጥም አንጣላም።

ሁለተኛ፣ የአልጋ ኩዊልት ከ545 ዶላር በታች አንሽጥ፤ ይህ የጨርቁና የዝቅተኛው ክፍያ ድምር ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ጀርባ የሰፊዋ ስም፣ ከተማውና ዓመተ ምሕረቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይሰፋ።

ሦስተኛ፣ አንድ መዝገብ ይከፈት። ቁራጭ የሚሰጠን ሱቅ፣ የሚያስተምረን ጊልድ፣ የገዛን ሰው ሁሉ ከነስልኩ ይመዝገብበት። አሁን ይህ ሁሉ ያለው በሁለት ሦስት ሴቶች ስልክ ውስጥ ነው። አንዷ ወደ ሌላ ስቴት ብትዛወር ጨርቁም ገዢውም አብሯት ይሄዳል። የእድር መዝገብ በጸሐፊዋ እጅ ቢቀመጥም ንብረቱ የአባላት እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም የሁላችን ይሁን።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንሻውን በግልጽ እንናገር። ባለፈው የሰጣችሁን ለሁለት የስፌት መኪናና ለመቁረጫዎች ውሏል። አሁን የሚያስፈልገን ትልቁ ነገር ገንዘብ አይደለም። ሰፊ ጠረጴዛ ያለበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገባበት አዳራሽ ያላችሁ ቁልፉን አውሱን። የውል ጽሑፍ የሚያነብልን የሕግ ባለሙያ የምታውቁ አስተዋውቁን። የአንድ ጊልድ አባል የሆነች ጎረቤት ያለቻችሁ ወደ እኛ ይዛችኋት ኑ፤ ቡና እናፈላለን።

አባላት ሆይ፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት በየጠረጴዛው ተቀምጧል። የሰፋናቸው ሦስት ኩዊልቶችም ከበሩ አጠገብ ተሰቅለዋል፤ ገልብጣችሁ ገበራቸውን እዩ፣ ስፌቱን ዳስሱ፣ ከዚያ ወስኑ። የሚነሣውን ጥያቄ ለመመለስ ኮሚቴው እዚሁ ነው።