ከሴቶች ዓምድ እስከ ፊት ገጽ
(በሸቤ ከተማ በቀድሞ ተማሪዎች የመሰባሰቢያ ዕለት የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው መሰባሰብ ሸቤ መመረጧ ተገቢ ነው። ብዙዎቻችን ከኅብረተሰብ ጋር መሥራትን የተማርነው ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው በዚህ መንገድ ዳር፣ በቡድን የተግባር ሥልጠና ጊዜ ነው። ቤት ለቤት ዞረን መጠይቅ ስንሞላ መጀመሪያ የምንጠይቀው የአባወራውን ስም ነበር። ቡናውን ለቅማ፣ አስጥታ፣ ጀንፈሉን ስታገላብጥ የምትጠብቀን እናት ስሟ የሚሰፍረው ከሥር ነው። ለነገሩ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው ይል ነበር። መዝገብ የሚይዘው ማን ነው? የማንን ስም አስቀድሞ ይጽፋል? ስለ ሴት የጋዜጣ ዋና አዘጋጆች እንድናገር ስጋበዝ ቀድሞ የመጣልኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

እስቲ ከሩቅ ልጀምር። ሲልቪያ ፓንክረስትን ብዙዎቻችን የምናውቃት የኢትዮጵያ ወዳጅ በመሆኗ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጋዜጠኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1914 በምሥራቅ ለንደን "ዘ ውሜንስ ድሬድኖት" የተባለ ጋዜጣ አቋቁማ፣ የምርጫ መብትን ከሠራተኛ ሴቶች ደመወዝና ኑሮ ጋር አያይዛ ትጽፍ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት አዲስ አበባን በያዘ ሰሞን ደግሞ "ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ"ን ጀመረች። "ሴት ናትና ስለ ሴት ብቻ ትጻፍ" የሚለውን አጥር አልፋው ነበር። አዲስ አበባ መጥታም በ1949 ዓ.ም. "ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር" የተባለ መጽሔት መሠረተች፤ እስክታርፍም ድረስ አዘጋጀችው። ስንዱ ገብሩ ስለ ልጃገረዶች ትምህርት የጻፉት በዚሁ መጽሔት ላይ ነበር። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ።

ወደ ራሳችን ጋዜጦች ስንመጣ፣ በሬዲዮ በኩል እነ ሮማነወርቅ ካሣሁን ቀድመው መንገዱን ጠርገው ነበር። የግል ጋዜጦች የበረከቱት ደግሞ ከ1985ቱ የፕሬስ ሕግ በኋላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዋና አዘጋጅ መሆን ማዕረግ ብቻ አልነበረም። ጋዜጣው ባወጣው ነገር ፖሊስ ሲጠራ የሚቀርበው፣ ፍርድ ቤት የሚቆመው ዋና አዘጋጁ ነው። ወንበሩ የክብርም የእስርም ነበር ማለት ነው።

ሉባባ ሰዒድ የ"ታሪክ" ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነበረች። በ1994 ዓ.ም. የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደባት። ክሱ የሠራዊቱን ሥነ ልቦና የሚጎዳና የሕዝብን አእምሮ የሚያናውጥ የሐሰት ዜና አወጣሽ የሚል ነው። አስተውሉ፤ ያሳሰራት የወጥ አሠራር ዓምድ አይደለም፣ የሠራዊት ዜና ነው!

ሰርካለም ፋሲል ደግሞ "አስኳል"፣ "ምኒልክ" እና "ሳተናው" ጋዜጦችን ከሚያሳትመው ድርጅት ባለቤቶች አንዷ ነበረች። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ነፍሰ ጡር ሳለች ታስራ ልጇን በእስር ላይ እያለች ወለደች። በ1999 ዓ.ም. ተፈታች። ከተፈታች በኋላም ጋዜጣ እንደገና ለማሳተም ፈቃድ አላገኘችም። ከዚያ ወዲህ በ2003 ዓ.ም. "አዲስ ስታንዳርድ"ን የመሠረተችው ፀዳለ ለማም በዋና አዘጋጅነት የያዘችው የፖለቲካውንና የኢኮኖሚውን ትልቁን ጉዳይ ነው።

"ታዲያ ይሄ ከሴቶች መብት ጋር ምን አገናኘው?" የሚለኝ ይኖራል። በደንብ ይገናኛል እንጂ! የሴቶች መብት በጋዜጣ የሚገፋው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው፣ የጓዳ ነገር ተብሎ የሚታለፈውን ወደ አደባባይ ማውጣት ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። ነገርየው "ባህል ነው" እስከተባለ ድረስ ማን ዜና ብሎ ይጽፈዋል? የሴት የሕግ ባለሙያዎች በፍርድ ቤትና በአዳራሽ ተሟገቱ፤ ጋዜጣና ሬዲዮ ሙግቱን ወደየቤቱ አደረሰው። በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን የጠላፊ ማምለጫ ዘጋው።

ሁለተኛው ብዙ የማይወራለት ነው። ሴቲቱ ስለ ጦርነት፣ ስለ በጀት፣ ስለ ምርጫ ስትጽፍና "ይሄ ይውጣ፣ ይሄ ይቅር" ብላ ስትወስን፣ የአገሩ ጉዳይ የእሷም መሆኑን ያለ ስብከት ታሳያለች። ስለ ሴቶች መብት አንድም ቃል ባትጽፍ እንኳ መብቱን በሥራዋ ይዛዋለች።

እንግዲህ ወደኛው ቤት ልመለስ። በየማህበሩ ሴት ስትመረጥ ወይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ናት፣ ወይ ገንዘብ ያዥ፤ ካልሆነም የመስተንግዶ ኮሚቴ። ቃለ ጉባኤ ያዥ የተባለውን ትጽፋለች፤ ምን ይባል ብላ ግን አትወስንም። ስለዚህ ለማህበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚቀጥለውን የዓመት መጽሐፋችንን በዋና አዘጋጅነት ሴት ትምራው፤ በስም ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውን ቃል ይዛ። ሁለተኛው፣ በመገናኛ ብዙኃን ሥራ ላይ ያላችሁ እያንዳንዳችሁ አንዲት ሴት ተማሪ ያዙ። ዜና አጻጻፍ ብቻ አታስተምሯት፤ የፕሬስ ሕጉን፣ ክስ ሲመጣ ማን ዘንድ እንደሚኬድ፣ አለቃ "ይሄ ይቅር" ሲል እንዴት እንደሚሞገት ጭምር አሳዩዋት። ወንበሩን ሰጥቶ ብቻዋን መተው እሷን ለአደጋ አጋልጦ መሸሽ ነው።

መምህሮቻችን፣ እናንተም የክፍል ጋዜጣ ስታሠሩ "የሴቶችን ገጽ ለሴቶች" አትበሉ። የፊቱን ገጽ ስጧቸው።