ታቦታቱ ከገቡ በኋላ፦ ከበዓላት ወደ ዕለት ተግባራችን ስለ መመለስ

(ከጥምቀት በዓል ማግሥት ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት የቀረበ ንግግር)



 ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያትን ጾመን፣ ልደትን አክብረን፣ በከተራ ታቦታቱን አጅበን ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ወርደን፣ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላን አክብረን ተመልሰናል። አሁን ድንኳኑ ተነቅሏል፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ገብቷል፤ ከከተማ የመጡ ልጆቻችንም ስንቃቸውን ቋጥረው መኪና እየጠበቁ ነው። ጥር 21 የሚከበረው አስተርእዮ ማርያም ገና ከፊታችን ቢሆንም፣ ታላቁ የበዓል ሰሞን ማለፉን ሁላችንም እናውቃለን።

ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ከበዓል ወደ ሥራ ስለ መመለስ ነው። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ወንጌላዊው ሉቃስ የቤተ ልሔምን እረኞች ታሪክ ሲጽፍ፣ ሕፃኑን ካዩ በኋላ መመለሳቸውንም ሳይጽፍ አላለፈም። ያን ሌሊት ያዩትን አይተው፣ በነጋታው በጎቻቸው እንደ ወትሮው ግጦሽና ውኃ ፈልገው ይሆናል ብለን እናስባለን። እኛም ያለነው በዚያ ንጋት ላይ ነው።

አስቀድመን ስለ አገልጋዮቹ እንናገር። በከተራ ሌሊት በድንኳን በማኅሌት የቆመ፣ ኪዳን አድርሶ፣ ቀድሶ፣ ውኃውን ባርኮ፣ ታቦቱን ተሸክሞ አቀበት የወጣ ካህን ሰው ነው። ሰውነትም የራሱ ሥርዓት አለው። የሰሞነኛ ተራ ሲወጣ በበዓሉ ሌሊቶች ያልቆሙት በዚህ ሳምንት እንዲገቡ፣ አረጋውያን አባቶችም ጥቂት ቀን እንዲያርፉ ሰበካ ጉባኤው ከአስተዳዳሪው ጋር ቢመክር መልካም ነው። ከስድስት ሳምንት በላይ ከሥጋና ከቅቤ ርቆ የሰነበተ ሆድ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት እንደሚታወክም ለምእመናን ማስታወስ አይከፋም። በዚህ ላይ ብዙ አንናገርም፤ ያልደረሰበት የለምና።

የኪሱ ጉዳይ ግን አንድ ቃል ይሻል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል የኖረበት አገር ነው፤ ልብሱም፣ ቅርጫውም፣ የእንግዳው መስተንግዶም ብዙ ጊዜ በዱቤ ነው። ዕዳው የሚጠየቀው ደግሞ አሁን፣ እህሉ ከአውድማ ገብቶ ገበያው በሞላበትና ዋጋው በወረደበት ወቅት ነው። በጥር በርካሽ የሸጠውን ጤፍ በሐምሌ በውድ የሚገዛ ገበሬ በየአጥቢያችን አለ። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት ይህን ሰሞን ድግሳቸውን ቀለል ቢያደርጉ፣ የማኅበር ገንዘብ ያላቸውም ለአባሎቻቸው እስከ ግንቦት የሚቆይ ብድር ቢሰጡ፣ እህሉ በጎተራ ይቆያል። ቤተ ክርስቲያኒቱም የራሷ ሒሳብ አላት። በበዓሉ የገባው ስለት፣ ጥላው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ በየድንኳኑ የተሰበሰበው ገንዘብ ሁሉ በምስክር ፊት ተቆጥሮ፣ በደረሰኝ ተመዝግቦ፣ ለምእመናን በዐውደ ምሕረት የሚነገረው በዚህ ሳምንት ነው። ወር ካለፈ በኋላ የሚነገር ሒሳብ እውነት ቢሆንም እንኳ ሰው አያምነውም።

ወደ መሬቱ ሥራ እንለፍ። ጥርና የካቲት የተፋሰስ ሥራ ወቅት መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ገበሬው ከአጨዳና ከውቂያ ያረፈበት፣ አፈሩም ለእርከንና ለክትር የሚመችበት ጊዜ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ዕቅዳቸውን በቀን ቆጥረው ያመጣሉ። የእኛ አጽዋማት ግን በየዓመቱ ይዘዋወራሉ። ጾመ ነነዌ ቢፈጥን ጥር 17፣ ቢዘገይ የካቲት 21 ይገባል፤ ዐቢይ ጾምም ከእርሱ 14 ቀን በኋላ፣ ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይጀምራል። እንግዲህ በአንዱ ዓመት ከቃና ዘገሊላ እስከ ነነዌ ያለው ጊዜ አራት አምስት ቀን ብቻ ሲሆን፣ በሌላው ከአንድ ወር በላይ ነው። ይህን ባሕረ ሐሳብ የምታውቁ እናንተ አባቶች ናችሁ፤ ባለሙያው ዕቅዱን ከማጽደቁ በፊት አብራችሁት ብትቀመጡ ብዙ ድካም ይቀራል። ከባዱ ድንጋይ ከጾሙ በፊት እንዲነሣ፣ በጾሙ ወራት ደግሞ ሥራው በማለዳ ተጀምሮ ፀሐይ ሳይከር እንዲያበቃ ማድረግ ይቻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውን ሰው በቀትር ድንጋይ ማሸከም ጾሙንም ሥራውንም ማስጠላት ነው።

ችግኝም እንዲሁ ነው። በሐምሌ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚተከለው ዛፍ ዛሬ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ መጀመር አለበት። ዋንዛና ግራር አሁን ቢዘሩ ለዝናቡ ይደርሱ ይሆናል፤ ጽድና ወይራ ግን ዘገምተኞች ናቸውና ከዚህም ቀድሞ ማሰብ ይጠይቃሉ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ነባሩ ደን በአብዛኛው የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ መሆኑን ስንናገር እንመካለን። መመካቱ ባይከፋም፣ ያረጀው ጽድ ሲወድቅ የሚተካው ከሌለ ቅጥሩ ለባሕር ዛፍ እንደሚቀር ማሰብ ያሻል።

ስለ ውኃም እንጨምር። በጥምቀት ሰሞን የእጅ ፓምፑና ቦኖው ከወትሮው እጅግ የበለጠ ሕዝብ አስተናግዷል። የውኃ ኮሚቴዎች በዚህ ሳምንት ጎማውንና ዘንጉን ይፈትሹ፤ የላላውን አሁን ማጥበቅ በመጋቢት ከሚደርስ ብልሽት ያድናል። ምንጭ ለማጎልበት ያሰባችሁ አጥቢያዎች ደግሞ ምንጩን ከአሁን ጀምሮ እስከ ሚያዝያ በየሁለት ሳምንቱ ለኩ። ለመለካት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ይበቃል። ጀሪካኑ በ40 ሴኮንድ ቢሞላ፣ ምንጩ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር፣ በአንድ ሙሉ ቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብናስብ 1,728 ሰው ያጠጣል ማለት ነው። ማጠራቀሚያ ከሌለ ግን የሌሊቱ ውኃ ፈስሶ ይቀራልና፣ ሰው የሚቀዳው በ12 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ቁጥሩ በግማሽ ይቀንሳል። በጥቅምት ተለክቶ የተሠራ ምንጭ በሚያዝያ ሕዝቡን ሲያጣላ አይተናል።

አሁን በዋናነት ልንናገር ወደ መጣንበት ነገር ደርሰናል። ከበዓል ወደ ሥራ ስለ መመለስ ስንነጋገር፣ ያልተመለሰው ማን ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት የትምህርት ቤቱን የስም መዝገብ ብትመለከቱ ክፍት ቦታዎች ታያላችሁ። አንዳንዱ የዘገየ ነው፤ ሰኞ ባይመጣ ማክሰኞ ይመጣል። አንዳንዱ ለበዓል የመጣ ዘመድ «ከተማ ወስጄ አስተምራታለሁ» ብሎ የወሰዳት ልጅ ናት፤ ብዙ ጊዜም የሚጠብቃት የሰው ቤት ሥራ ነው። አንዳንዷን ደላላ ስለ ዐረብ አገር አማልሏታል። ሌላዪቱ ደግሞ ልትዳር ነው።

ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ድግሱ መጠናቀቅ አለበትና። በቃና ዘገሊላ ጌታችን በሰርግ ቤት መገኘቱን ባከበርን ማግሥት ስለ ሰርግ ክፉ አንናገርም። የምንናገረው ስለ 13 እና ስለ 14 ዓመት ልጆች ነው። የቤተሰብ ሕጋችን፣ ዐዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ 18 ዓመት ካልሞላቸው ጋር እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን በእስራት ያስቀጣል። ሕጉን ሳናነብም ጉዳቱን እናውቀዋለን። አጥንቷ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ በምጥ ቀናት ስትሰቃይ ሕፃኑን ታጣለች፤ ራሷም በፌስቱላ ተይዛ ከሰው ርቃ የምትኖርበት ጊዜ አለ።

በዚህ ጉዳይ ሌላው ወገን ያልተሰጠው ሥልጣን ለካህናት ተሰጥቷል። የንስሐ አባት ያልባረከው ጋብቻ በአገራችን ሰው ዘንድ ሙሉ አይደለም። የንስሐ አባት ደግሞ ሰርግ መኖሩን ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ለጸበል ርጭት ወደ ቤት ሲገባ ብቅሉ ተሰጥቶ፣ ጌሾው ሲወቀጥ ያያል። መናገር ያለበትም ያን ጊዜ ነው። ጠላው ከተጠነሰሰ፣ ሰንጋው ከተገዛ፣ ዘመድ ከተጠራ በኋላ አባት ልቡ ቢራራ እንኳ ይሉኝታው አያስመልሰውም።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር፤ በውጭ ሰው ፊት ብንናገረው ያሳፍረን ይሆናል፣ እዚህ ግን ቤተሰብ ነን። ያለ ዕድሜ ከሚዳሩት መካከል ለዲያቆናት የሚታጩ ልጆች ይገኙበታል። ለቅስና የሚታሰብ ዲያቆን ድንግል የሆነች ሚስት እንዲያገባ ሥርዓቱ ይጠይቃልና፣ ቤተሰብ «ሳትበላሽ» ብሎ በልጅነቷ ያጫታል። ሥርዓቱ ግን ድንግልናን ጠየቀ እንጂ ሕፃንነትን አልጠየቀም። የ20 ዓመት ልጅ በሰንበት ትምህርት ቤት አድጋ፣ ትምህርቷን ጨርሳ፣ በድንግልና ለተክሊል ትበቃለች፤ እንዲህ ያሉ ብዙ እኅቶች በመካከላችን አሉ። ካህኑ የራሱን ሚስት በ13 ዓመቷ አምጥቶ ሌላውን ቢገሥጽ ማን ይሰማዋል?

ዕድሜዋን እንዴት እናውቃለን ትሉ ይሆናል። አባት «18 ሞልቷታል» ይላል፤ ጎረቤት ዝም ይላል፤ የልደት ምዝገባ በብዙ ገጠር አሁንም አልተሟላም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን የራሷ ማስረጃ አላት። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ፣ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል። የክርስትና መዝገብ በተጠበቀበት አጥቢያ የተነሣችበትን ቀን አይቶ 80 ቀን ወደ ኋላ መቁጠር የልደቷን ቀን ይሰጣል። የክርስትና እናቷም አለች፤ ዓመቱን፣ ክረምቱን፣ በዚያ ዓመት የሆነውን ታስታውሳለች። ተክሊል ወይም ቁርባን ከመፈጸሙ በፊት ይህ መዝገብ ይታይ። መዝገቡ ምስጥ የበላው፣ ወይም ከነጭራሹ ያልነበረ ከሆነ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አንድ ጠንካራ ደብተር ገዝቶ የሚጠመቀውን ሕፃን ስም፣ ቀኑን፣ የወላጆቹንና የክርስትና አባት ወይም እናት ስም መጻፍ የጸሐፊው ሥራ ይሁን። 

ትምህርቷን ላቋረጠች ልጅ መመለስም ቀላል አይደለም። ደብተሯ ተቀዷል፤ እኩዮቿ ርቀዋል፤ ያፈረችበትም ነገር ይኖራል። መምህራን ለሁለት ለሦስት ሳምንት ያመለጣትን እንዲያካክሱላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት እኅቶች አብረዋት እንዲሄዱ፣ ቤተሰቡ ድኻ ከሆነ ደብተርና ሳሙና ከሙዳየ ምጽዋቱ እንዲታሰብላት እንለምናለን። ከበዓሉ ስለት ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ስለቱን የሰጠው ሰው አይከፋም ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ጾመ ነነዌ ሳይገባ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ሁለት ሰው መርጦ ወደ ትምህርት ቤቱ ይላክ፤ ከልደት በፊት ይማሩ የነበሩትንና እስካሁን ያልተመለሱትን ልጆች ስም ከርእሰ መምህሩ ተቀብሎ ከክርስትና መዝገቡ ጋር ያስተያይ። የእያንዳንዷን ልጅ ስም ለንስሐ አባቷ ይስጥ፤ አባትም ቤቷ ድረስ ይሂድ። በሚቀጥለው ስብሰባችን ከእርከኑና ከችግኙ ሪፖርት በፊት የምንጠይቃችሁ ስንቶቹ እንደ ተመለሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።