በሬ ሲገዛ ጥርስ የሚያይ ሕዝብ ፊቱን ለማን ይሰጣል?

(ከዚህ በታች የቀረበው በመቀሌ ከተማ፣ ሮማናት አደባባይ አቅራቢያ በተካሄደ የጤና ውይይት ላይ አንድ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ያደረገው ንግግር ነው። ለንባብ እንዲያመች በመጠኑ አሳጥረነዋል። - ዝግጅት ክፍሉ)



ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከአዲስ አበባ መጥቼ በእናንተ ከተማ በአማርኛ ሳወራ በትዕግሥት ልትሰሙኝ ስለፈቀዳችሁ አመሰግናለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ጋዜጠኛ ነኝ። እንጀራዬ መጠየቅ ነው። ዛሬም ይዤላችሁ የመጣሁት መድኃኒት ሳይሆን ጥያቄ ነው።

የእኛ ሕዝብ እኮ ገበያ ላይ በቀላሉ አይታለልም። በሬ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ጤፍ ሲሸምት ዘግኖ በመዳፉ ያሻል። በርበሬውን ያሸታል። ሐኪም ቤት ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ብልሃት በሩ ላይ ይቀራል። «ዶክተር ያለው ይሁን» ብሎ ይተኛል። ለመሆኑ «ዶክተር» የተባለው ሰው የተማረው ምንድን ነው? ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው የት ነው? ነገ ቁስሉ ቢያመረቅዝ በር የሚከፍተው ማነው? ጠያቂ የለም። እኔ ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ፊታችሁን ለሚቆርጥ ሰው ጥያቄ ማቅረብ ድፍረት አይደለም። ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ፕላስቲኩ የታለ?

«ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ሲባል ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያስባል። አንዱ ቆዳ ውስጥ ፕላስቲክ የሚከተት ይመስለዋል። ሌላው የሀብታም ቅንጦት ነው ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ቃሉ የመጣው ከግሪክኛ ነው፤ «ቅርጽ መስጠት» ማለት ነው። በአብዛኛው የሚሠራበትም የታካሚው የራሱ ቆዳ፣ የራሱ ጡንቻ፣ የራሱ አጥንት ነው። የአፍንጫ ማሳመርና የሆድ ቆዳ መቀነስ በእርግጥ የዚህ ሙያ ክፍል ናቸው። ነገር ግን በእሳት የተጣበቀ አንገትን ማላቀቅ፣ የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ መግጠም፣ የተቆረጠ እጅን እንዲጨብጥ ማድረግም የዚሁ ሙያ ሥራ ነው።

ሙያው በዛሬ መልኩ የጎለመሰው በጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ኒውዚላንድ የተወለደው ሐኪም ሀሮልድ ጊሊስ እንግሊዝ አገር ሲድካፕ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1917 በተከፈተ ሆስፒታል ፊታቸው የተበላሸ ወታደሮችን በሺህ እየተቀበለ አከመ። በዚያች ከተማ አንዳንድ የመንገድ ዳር አግዳሚ ወንበሮች ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ነበር ይባላል። ለምን? እዚያ የሚቀመጠው ቁስለኛ መሆኑን መንገደኛው አውቆ እንዳይደነግጥ! እኛ አገር ሰማያዊ ወንበር የለም፤ ነጠላ አለ። ስንት እህታችን ነች ጉንጯን በነጠላ ሸፍና ገበያ የምትሄደው?

እዚህ መቀሌ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የዓይደር ትምህርት ቤት በኤርትራ አውሮፕላኖች ሲደበደብ የተጎዱት ሕፃናት ነበሩ። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የቶጎጋ ገበያ ከአየር ሲመታ መንግሥት «ዒላማዬ ታጣቂዎች ነበሩ» አለ። ወደ ዓይደር ሆስፒታል ከደረሱት ቁስለኞች ግን ሕፃናትም ነበሩባቸው። አምቡላንሶች እንዳያልፉ መከልከላቸውንም ሐኪሞች በወቅቱ ተናግረዋል። ከዚያ በኋላ በነበረው ከበባ የዚያ ሆስፒታል ሐኪሞች ያለ ደመወዝ፣ ጓንት እያጠቡ እስከ መጠቀም ደርሰው ሠርተዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ፤ ጥይቱ ቆመ። ጠባሳው ግን አልተፈራረመም! በዚያ ሁኔታ ሕይወት ማትረፍ እንጂ ጠባሳ ማሳመር ማን ሊያስብ ይችል ነበር? ስለዚህ ዛሬ መልሶ ማስተካከል የሚፈልግ ብዙ ሰው አለ። ፈላጊ የበዛበት ቦታ ደግሞ ደላላም ይበዛል። ፍርሃቴ እዚህ ላይ ነው።

ታፔላውና ወረቀቱ

ታፔላ ቀለም ቀቢ ይሠራዋል። ወረቀቱን ግን የሚሰጠው የሚመለከተው አካል ነው። ስለዚህ ታፔላውን ትታችሁ ወረቀቱን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ሰውየው የምን ሐኪም ነው? ጠቅላላ ሐኪም «ዶክተር» ነው። የቆዳ ሐኪምም፣ የማህፀን ሐኪምም «ዶክተር» ናቸው። ሁሉም በሙያቸው የተከበሩ ናቸው። ነገር ግን የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም የሚባለው፣ ጠቅላላ ሐኪም ከሆነ በኋላ በዚሁ ሙያ ለዓመታት ተጨማሪ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የወሰደ ሰው ነው። የሁለት ሳምንት ኮርስ ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይህን አይተካም። መንጋጋው በጥይት የተሰበረ ሰው ደግሞ የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሊያስፈልገው ይችላል። ብጉርና ማድያት ከሆነ ችግሩ፣ ቢላ ሳይሆን የቆዳ ሐኪም ነው የሚሻለው።

ሁለተኛ፣ የሙያ ፈቃዱ የታደሰ ነው ወይ? በየትኛው ሙያስ ነው ፈቃድ ያገኘው? ጥርጣሬ ካላችሁ ለጤና ቢሮ ማመልከትና መጠየቅ ትችላላችሁ። ማሳፈር አይደለም፤ ንጹሕ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። የሚቆጣ ካለ ጥያቄያችሁ መልስ አገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው የት ነው? ክሊኒኩ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ለዚህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና የተፈቀደለት መሆን አለበት። ሙሉ ማደንዘዣ የሚሰጥ ከሆነ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ኦክስጅን፣ ድንገት ለሚመጣ ችግር የሚሆን መሣሪያና መድኃኒት ያስፈልጋል። በፀጉር ቤት ጓዳና በሆቴል ክፍል የሚሰጥ መርፌ ሕክምና አይደለም፤ ቁማር ነው።

«ታዲያ እንዲህ ያለ ሐኪም የት እናገኛለን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር በአገራችን ቁጥራቸው በጣም ጥቂት ነው። ካሉትም የሚበዙት አዲስ አበባ ናቸው። የቃጠሎ ክፍል ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል አለ። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመውና የታጠፉ ጣቶችን በማቃናት የቆየ ልምድ ያለው አለርት አለ። ከንፈርና ላንቃቸው ተሰንጥቆ ለተወለዱ ልጆች ስማይል ትሬን የሚባለው ድርጅት ከአገር ውስጥ ሆስፒታሎች ጋር ሆኖ በነፃ ያሳክማል። ስለዚህ ልጃችሁን ለማሳከም ከብት ከመሸጣችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ከመቀሌ ለምትነሱ ግን መጀመሪያ ዓይደር ታዩ። የሚሠራ ካለ እዚሁ ይሠራል፤ ከሌለ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ወረቀት አዲስ አበባ የገባ ሕመምተኛ የመጀመሪያ ተቀባዩ ሐኪም ሳይሆን ደላላ ነው።

የሚጠብቅና የማይጠብቅ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ጠባሳ ከዳነ በኋላም ለወራት መለወጡን ይቀጥላል። እስኪለሰልስና እስኪረጋ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ «ቆይ፣ ጠብቅ» ያላችሁ ሐኪም ሊያጉላላችሁ ፈልጎ ላይሆን ይችላል።

የማይጠብቁም አሉ። የዓይን ቆብ በቃጠሎ ተስቦ አልከደን ካለ፣ ዓይን ይደርቃል፤ ብርሃን እስከ ማጣት ያደርሳል። የልጅ መገጣጠሚያ በጠባሳ ከተያዘ፣ ልጁ እያደገ ሲሄድ አካሉ ይጣመማል። በቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ ቁስል ወጥቶ ለሳምንታት አልድን ካለ ደግሞ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ መታየት አለበት። እነዚህን ይዞ ቤት መቀመጥ አይገባም።

ኬሎይድ የሚባለውንም ላንሳ። ጆሮ ሲበሳ፣ ደረት ላይ ቁስል ሲድን፣ ሥጋው ከቁስሉ አልፎ እያበጠ የሚያድገው ማለት ነው። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ይበዛል። «ቆርጬ እጥለዋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ ጠይቁት፦ «ከቆረጥክ በኋላስ?» በሉት። ተቆርጦ ብቻ የተተወ ኬሎይድ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከበፊቱ ብሶ። መርፌም ሆነ ሌላ ክትትል ያስፈልገዋል።

የቀጠሮው ቀን

የመጀመሪያው ቀጠሮ ለመቆረጥ አይደለም፤ ለመነጋገር ነው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የድሮ ካርዳችሁን፣ ራጃችሁን፣ ከሆስፒታል የወጣችሁበትን ወረቀት ያዙ። ከጉዳቱ በፊት የተነሳችሁት ፎቶ ካለ ያዙ፤ ሐኪሙ ወደ ምን እንደሚመልሳችሁ ያይበታል። ፊታችሁን የሚያሳይ ቀጠሮ ከሆነ ቅባትና ኩሉን ቤት ተዉት። የምታምኑት አንድ ሰውም አብሯችሁ ይሂድ። ድንጋጤ ጆሮ ይደፍናል፤ ሁለት ሰው የሰማው ይሻላል።

ከዚያ እውነቱን ተናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ ኤችአይቪ ካለ ይነገር፤ ሐኪሙ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ ባህላዊውንም ጭምር ንገሩት። እንደ አስፒሪን ያሉት ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ማወቅ አለበት፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ሲጋራና ሺሻ የሚያጨስ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ የተለጠፈ ቆዳም ሊሞትበት ይችላል። ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማቆም አለበት። ሴቶች እህቶቼ፣ ልብስ ማውለቅ ካስፈለገ ነርስ ወይም አብራችሁ የመጣች ሴት እንድትገባ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ እናንተ ትጠይቃላችሁ። በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፦

- እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ያልተሳካውስ ምን ሆነ?
- ስንት ጊዜ ነው የምቆረጠው? አዲሱ ጠባሳ የት ይሆናል?
- ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማነው?
- ባይሠራልኝ ምን እሆናለሁ? ሌላ አማራጭስ አለ?
- መድኃኒቱ፣ አልጋው፣ ድጋሚው ሁሉ ተደምሮ ሒሳቡ ስንት ነው?
- ሌሊት ደም ቢፈሰኝ ለማን እደውላለሁ?

ሐኪሙ ሳያስረዳችሁና ሳትፈቅዱ እንዲቆርጣችሁ ሕጉ አይፈቅድም፤ ሕይወት ለማትረፍ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር። የምትፈርሙት ወረቀት የማይገባችሁ ቋንቋ ከሆነ «ተርጉሙልኝ» በሉ። ትግርኛ ብቻ የምታውቅ እናት በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን ብታሳርፍ ያ ፈቃድ ነው እንዴ?

ውጡ የሚያሰኙ ምልክቶች

«መቶ በመቶ ጠባሳውን አጠፋዋለሁ» የሚል ሐኪም አይደለም። ጠባሳ ይሻሻላል፣ ይደበቃል፣ ይለሰልሳል፤ ፈጽሞ አይጠፋም። ሳያይ፣ ሳይዳስስ፣ በስልክ በተላከ ፎቶ ብቻ ዋጋ የሚቆርጥ፣ «ዛሬ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ» የሚል፣ ደረሰኝ የማይሰጥ፣ የሚወጋውን ነገር ስም የማይነግር፣ «ሌላ ሐኪም ላማክር» ስትሉት የሚያኮርፍ - ተነሥታችሁ ውጡ። የ«በፊትና በኋላ» ፎቶም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፎቶ ማንም ከየትም ማምጣት ይችላል፤ መብራት መለወጥም ሰው ያሳምራል።

ተጠያቂው ማነው?

አሁን «ሁሉንም እኛው እንጠይቅ፤ መንግሥት ታዲያ ምን ይሠራል?» የሚል ቢነሣ እውነት አለው። ሻይ ቤት የከፈተን ሰው ስለ ንጽሕና የሚያስጨንቅ ተቆጣጣሪ፣ ሰው ለመቁረጥ ታፔላ የሰቀለውን እንዴት አያየውም? የተፈቀደላቸው ሐኪሞች ስምና ሙያ ዝርዝር በየጤና ቢሮው በር ላይ ቢለጠፍ ምን ይከብዳል? አንድ ወረቀትና ማጣበቂያ እኮ ነው! ከዚህም ይበልጣል፦ በጦርነት ፊቱና እጁ የተጎዳ ዜጋ መልሶ የመስተካከል ሕክምና በልመና የሚያገኘው ችሮታ መሆን የለበትም። ያቆሰለው ጦርነት ነው፤ ጦርነቱን የመሩት ደግሞ የታወቁ ናቸው። ለማቁሰል በጀት ከተገኘ፣ ለማከም «በጀት የለም» የሚባለው መልስ አይዋጥልኝም።

እስከዚያው ድረስ ግን በእጃችን ያለው ጥያቄያችን ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ የተቀመጠች እህት ብትኖር በተለይ ለእርሷ ልናገር፦ መታከም መፈለግሽ ቅንጦት አይደለም፤ አለመፈለግሽም ነውር አይደለም። ከወሰንሽ ግን ቢላው ከመምጣቱ በፊት ጠይቂ። ተቆጥቶ ካባረረሽ አትዘኚ፤ ትክክለኛው ሐኪም ጥያቄሽን ሰምቶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።